ያልጠየቅሁት ስም

በዚህ ሴሚስተር የፎቶ ጋዜጠኝነት የቤት ሥራችን ‹‹በሌሊት የተነሣ አንድ ፎቶ ከነመግለጫው›› የሚል ነበር፡፡ እኔ የመረጥኩት ቦሌ አካባቢ በአንድ ግቢ ውስጥ ለመታሰቢያ የቆመ አሮጌ ዲሲ-3 አውሮፕላን ነው፡፡ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው የዚሁ አውሮፕላን ወታደራዊ ስሪት በሆነው ሲ-47 ስለሆነ፣ ‹‹ታሪክም አለው፣ ማርክም አለው›› ብዬ ነበር፡፡

ከትምህርት ክፍላችን የተጻፈልኝን የትብብር ደብዳቤ ይዤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ደረስኩ፡፡ ችግሩ የጀመረው ካሜራውን ሳወጣ ነው፡፡ በአንድ በኩል የፖሉ ቢጫ መብራት፣ በሌላ በኩል የጥበቃ ቤቱ ነጭ አምፖል አለ፤ አውሮፕላኑ ግማሹ ብርቱካናማ፣ ግማሹ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ፡፡ ፍላሽ ስሞክር አሉሚኒየሙ እንደ መስታወት አንጸባረቀብኝ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር የሚሆነው ክንፍ ደግሞ ዳሩ ጨለማ ውስጥ ቀረ፡፡ ያለ ፍላሽ በአውቶማቲክ ሳነሣው ካሜራው በጥቁሩ ሰማይ ተታሎ መብራት ያረፈበትን ሁሉ አነጣው፡፡

ወደ ማንዋል መለስኩት፡፡ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ 20 ሰከንድ፡፡ ግን ትራይፖድ የለኝም! ከሩቅ ሲያዩኝ የነበሩት የጥበቃ ሠራተኛ ‹‹ልጄ፣ ይሄ ይሆንሻል?›› ብለው የተቀመጡበትን በርጩማ አመጡልኝ፡፡ ሹራቤን አጣጥፌ ካሜራውን አስቀመጥኩበት፤ ጣቴ እንዳያነቃንቀውም ከ2 ሰከንድ በኋላ በራሱ እንዲያነሣ አደረግሁት፡፡ እሳቸው መቀመጫ ስላልነበራቸው የእጅ ባትሪያቸውን ይዘው ግቢውን ይዞሩ ጀመር፡፡

ፎቶው ተሳካ፡፡ አፍንጫውን ቀና አድርጎ የቆመው አውሮፕላን የቆርቆሮው መገጣጠሚያ ሳይቀር ይታያል፡፡ በማግሥቱ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ግን ከጎማው አጠገብ አንድ ቀጭን የብርሃን መስመር አየሁ፡፡ ጓደኛዬ ‹‹በፎቶሾፕ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ አጥፊው›› አለችኝ፡፡ ላጠፋው ስል ነው የገባኝ፤ መስመሩ የሰውዬው ባትሪ ነው፡፡ በ20 ሰከንድ ውስጥ ባለበት የቆመ ነገር ይቀረጻል፤ በጨለማ የሚራመድ ሰው ግን አንድ ቦታ ላይ በቂ ብርሃን ስለማይተው ይጠፋል፡፡ መቀመጫቸውን የሰጡኝ ሰው ፎቶዬ ውስጥ የሉም፡፡

መግለጫውን ልጽፍ ስቀመጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፡፡ የአውሮፕላኑን ዓይነት፣ የበረራውን ዓመት፣ የክንፉን ርዝመት ሁሉ ይዣለሁ፡፡ አንደኛ ዓመት ላይ የተማርነው የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ‹‹ማን?›› ነው፡፡ የሰውዬውን ስም አልጠየቅሁም፡፡ በሳምንቱ ተመልሼ ስሄድ በሩ ላይ ሌላ ሰው ነበር፡፡ ‹‹እሳቸው ተቀይረዋል፤ የት እንደሆነ እንጃ፤ እኔም አዲስ ነኝ›› አለኝ፡፡

ፎቶውን መስመሩን ሳላጠፋ አስረከብኩ፡፡ ከሥሩም ‹‹ከጎማው አጠገብ የሚታየው ብርሃን የጥበቃ ሠራተኛው ባትሪ ነው፡፡ ስማቸውን አልጠየቅሁም፡፡›› ብዬ ጻፍኩ፡፡ መምህራችን ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር በቀይ አስምረውባት መለሱልኝ፤ ሌላ ምንም አልጻፉም፡፡ ከዚያ ወዲህ ካሜራዬን ከማውጣቴ በፊት ማስታወሻ ደብተሬን አወጣለሁ፡፡