ሞያሌ በደረቁ ወራት

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ የተቆረቆረች፥ ለሁለት ተከፍላ በአንድ ስም የምትጠራ ከተማ ናት። በ2013 ዓ.ም. የሁለቱ መንግሥታት የጋራ የድንበር መተላለፊያ ጣቢያ ተመርቆባታል።

በኬንያው በኩል በሐምሌ ማለዳ በደረቀ ኩሬ ዳር በእግራችን ተጓዝን። በዚህ ወር ሰማዩ ይደምናል፥ ነፋሱም ይቀዘቅዛል፤ ዝናብ ግን እምብዛም አይጥልም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ስለ ከዳ፥ ከቦረና አርብቶ አደሮች ብዙዎቹ ከብቶቻቸው አልቀውባቸዋል።

ሰዎቹ ግን ከኩሬው ውስጥ ደለል እየጠረጉ ያወጡ ነበር። አንድ አዛውንት ቀና ብለው «ነጋ» አሉን፤ ይኸውም በቋንቋቸው ሰላም ማለት ነው። ስለ ቤተ ሰባችንና ስለ ከብቶቻችን ሰላም በየተራ ጠየቁን፤ ስለ ጠፋው የራሳቸው መንጋ ግን አንዳች አላነሡም። ዝናቡ ሳይመጣ ማጠራቀሚያውን የሚያዘጋጅ ሰው እምነቱን በሥራው ይገልጣልና፥ እኛም ልባችን ዐርፎ መንገዳችንን ቀጠልን።