ነቀዝ የበላው ቋጠሮ

ሲደርቅ የሚኮማተር ማሽላ አለ። እሸት ሳለ ፍሬው ሙሉ ነው፤ ሲጫኑት ወተቱ ጣት ያጣብቃል። ደርቆ ሲወቃ ግን መሐሉ ይሰረጉዳል፣ ቆዳው ይሸበሸባል፣ በሽታ የመታው ይመስላል። ደቡብ ወሎ፣ ከሐርቡ ከፍ ብሎ በሚገኘው ቀበሌያችን፣ አያቴ ይህን ማሽላ በየዓመቱ ከሌላው ጋር ደባልቃ ትዘራው ነበር። ስሙ ወተት በጉንጬ ነው። እኔ ፍሬውን አይቼ አፈርኩበት። ይኸው ከሃያ ዓመት በኋላም ከእንቅልፌ የሚያባንነኝ ያ ማፈሬ ነው።

በ1994 ዓ.ም. ግብርና ኮሌጅ እማር ነበር። ለጥር ዕረፍት ወደየቤታችን ስንበተን አንድ መምህራችን አደራ አለን። ከየአገራችሁ ሁለት ሁለት እፍኝ የአገር ዘር ይዛችሁ ኑ፤ ስሙን፣ የሚዘራበትን ወር፣ ለምን እንደሚዘራ ባለቤቱን ጠይቃችሁ ጻፉ፤ አዲስ አበባ ወዳለው የዘር ባንክ እኔ አደርሰዋለሁ አለን። ነጥብ የሚያዝበት ሥራ አልነበረም። ሰውየው ከራሱ ኪስ እያወጣ፣ በራሱ ጊዜ የሚለፋበት ጉዳይ ነበር።

አያቴን እማማ ነበር የምንላት። ስነግራት ፊቷ በራ። ከአዲስ አበባ ድረስ የእሷን እህል የሚፈልግ ሰው መኖሩን ማመን አቅቷት ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ማድቤት ገባች፤ ተከተልኳት። ከምድጃው በላይ፣ ከጣሪያው ማገር ላይ፣ ለዘር የተመረጡ ዛላዎች ጢስ አጥቁሯቸው ተንጠልጥለዋል፤ ጢሱ ነቀዝ አያስጠጋም። ሁለት ዛላ አወረደች። በመዳፏ አሽታ፣ ገለባውን እፍ ብላ፣ ከአሮጌ ነጠላዋ ጫፍ ቀድዳ ቋጠረችው።

“ይኼ የልጅ ነው” አለችኝ። “ጎተራ አይሞላም። ግን እሸቱን ጠብሰህ ለልጅ ስትሰጠው ያጸናዋል። እንዲህ አለች ብለህ ጻፍላቸው፣ የኔ ሸጋ።”

አልጻፍኩም። በቃሌ ይዤዋለሁ አልኩ።

ኮሌጅ ስንመለስ እያንዳንዱ ያመጣውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። ከሐረርጌ የመጣው ልጅ የሚያበራ ነጭ ማሽላ፣ የአድአው ማኛ ጤፍ፣ የአርሲዋ ጥቁር ገብስ። ሁሉም ድብልብል፣ ሁሉም ለዓይን የሚሞላ። እኔ ከዴስኩ ሥር ቋጠሮዬን በጣቴ ፈታ አድርጌ አየሁት። ሽብሽብ፣ አመዳም፣ ጢስ ጢስ የሚል። መምህሩ “አንተስ?” ሲለኝ “አላገኘሁም” አልኩት። ሰውየው ምንም አላለኝም። ተቆጥቶኝ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አወጣው ነበር እላለሁ አንዳንዴ፤ ግን ይህም ጥፋቴን ሰው ላይ ለመጫን የማደርገው ሙከራ ነው።

ቋጠሮው አልጋዬ ሥር ካለው ሻንጣ ገባ። ጢስ የለ፣ አመድ የለ። ሰኔ ላይ ዕቃዬን ስሸክፍ አገኘሁት፤ ጨርቁ በዱቄት ተሞልቶ ነበር፤ ነቀዙ በእጄ ላይ ወጣ። ከመኝታ ቤቱ ጀርባ ወጥቼ አራገፍኩት። ከዚያ ሁሉ መሐል ሃያ ወይም ሠላሳ ያልተበሳ ፍሬ ነበር። አይቼዋለሁ። ጎንበስ ብዬ ብለቅመው አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። አለቀምኩትም። ጨርቁን ግን፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አጥፌ ያዝኩት።

የዚያ ዓመት ዝናብ ምን እንዳደረገን ወሎዬ አይረሳውም። በልጉ ሳሳ፤ ሚያዝያ ላይ የተዘራው ማሽላ ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ። እማማ ከማገሩ ላይ አውርዳ እንደገና ዘራች። እሱም ደረቀ። ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ ወጣ። ጳጉሜ ላይ የቀሩትን ዛላዎች ለልጅ ልጆቿ ቆልታ አበላቻቸው። ማንም በእሷ ቦታ ቢሆን ያንኑ ያደርግ ነበር። መስከረም 1995 ቤት ስደርስ ከሰላምታው ቀጥሎ የመጣው ይህ ነበር፦ “ያ የሰጠሁህ ዘር አለ?”

“አዲስ አበባ ተልኳል፣ እማማ” አልኳት።

“አልሐምዱሊላህ! እንግዲያስ አልጠፋም።”

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረች። ለመጣ ለሄደው ሁሉ “የኔ ዘር አዲስ አበባ ነው” ትል ነበር። ከጎኗ ተቀምጬ እሰማታለሁ።

ያኔ የማላውቀውን ያወቅሁት ብዙ ቆይቶ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ነው። አሜሪካ፣ ኢንዲያና ውስጥ ባለው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሲንግ እና አክስቴል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ከ9,000 በላይ የማሽላ ዓይነት አንድ በአንድ ፈትሸው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተሙ። የሚፈልጉት ላይሲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ነበር። ሰውነታችን ላይሲንን ራሱ መሥራት አይችልም፤ ከምግብ ማግኘት አለበት፤ ማሽላ ደግሞ በዚህ በኩል ደሃ ነው። ማሽላ ብቻ እየበላ የሚያድግ ልጅ ሆዱ ሞልቶ ሰውነቱ የሚጎዳው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ሁሉ ሺህ መሐል ላይሲኑ ከተራው ማሽላ እጅግ ከፍ ያለ ሆኖ የተገኘው ሁለት ብቻ ነው። ሁለቱም የኢትዮጵያ። በመዝገቡ ላይ አይ.ኤስ. 11167 እና አይ.ኤስ. 11758 ተብለው ተቀምጠዋል። የፍሬያቸው መለያ ምን እንደሆነ ሳነብ ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ሲደርቁ ይኮማተራሉ ይላል። ላይሲኑን ከፍ ያደረገው ያው የዘር ለውጥ የፍሬውን ስታርች ስለሚቀንሰው መሐሉ ይጎድላል። ያ ያፈርኩበት ሽብሽብ የበሽታ ምልክት አልነበረም። ዘሩ ሀብታም መሆኑን የሚናገርበት ፊቱ ነበር።

ምንጩን ለማወቅ ተመራማሪዎች ወደ ወሎ ሲሄዱ ገበሬው ይህን ማሽላ ከሌላው ጋር በጥቂቱ ደባልቆ እንደሚዘራው፣ ምርቱ አነስተኛ መሆኑን እያወቀ እንዳልጣለው፣ እሸቱን እየጠበሰ እንደሚበላው ተረዱ። ስሞቹንም መዘገቡ፦ ወተት በጉንጬ፣ ማር ጩቄ። የወሎ እናት ላቦራቶሪ ሳይኖራት ነገሩን ከወተት ጋር አስተካክላ ስም አውጥታለታለች። እማማ “ልጅ ያጸናል” ስትለኝ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ያለውን ነው የነገረችኝ። እንድጽፈውም አዝዛኝ ነበር።

ጓደኞቼ ሊያጽናኑኝ ሲሞክሩ ወተት በጉንጬ ከዓለም አልጠፋም ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። የአገራችን የዘር ባንክ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ሲሰበስብ ኖሯል፤ ዶክተር መላኩ ወረደና ባልደረቦቻቸው በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ገበሬው ዘሩን በልቶ ከመጨረሱ በፊት ለመድረስ ምን ያህል እንደተሯሯጡ የሚያውቅ ያውቃል፤ ዶክተሩም እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ያገኙት በዚህ ሥራ ነው። ዛሬ ባንኩ ውስጥ ከ80 ሺህ በላይ ናሙና አለ። የእማማ ግን የለም። የገበሬ ዘር እንደ ፋብሪካ ዕቃ አንዱ በአንዱ የሚተካ አይደለም። በዚያች ተረተር ላይ፣ በዚያ ቀይ አፈር፣ በልግ በሸሸ ቁጥር የተረፈው እየተመረጠ ስንት ትውልድ የተሻገረ ነው። ከጎረቤት ቀበሌ ወተት በጉንጬ የሚለይበት ነገር ይኖረው ይሆናል። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ይኖረው እንደሆነ ዛሬ ሊለካው የሚችል ሰው የለም።

እሱን ሳስብ የሰሞኑ ምርምር ሁሉ ያመኛል። አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ማሽላን ከድርቅ የሚያስጥለውን ባሕርይ ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። ውኃ ሲያጥር ሌላው ማሽላ ቅጠሉ ጠውልጎ አገዳው ሲተኛ፣ ይህ ባሕርይ ያለው ፍሬው እስኪሞላ ለምለም ሆኖ ይቆያል። ምስጢሩ ቁጠባ ነው፤ ቅርንጫፍ አያበዛም፣ ከማበቡ በፊት ውኃውን በቅጠል አይጨርስም፣ ለፍሬው ጊዜ ያተርፋል። የዚህ ባሕርይ ዋነኛው ምንጭ ቢ 35 የሚባል ዘር ነው፤ ቢ 35 ደግሞ የተወለደው ከኢትዮጵያ የገበሬ ማሽላ ነው። አንዱ ወገናችን አንድ ቀን ለአንድ ሰብሳቢ እፍኝ ሰጠ፤ ሰብሳቢው አደረሰ። በቃ፣ ልዩነቱ ይኸው ነው። ያም እንደ እማማ ከዛላ ላይ አሽቶ ሰጥቶ ይሆናል፤ ተቀባዩ ግን አልጋ ሥር አልወሸቀውም። እማማ ኅዳር ላይ የወተት በጉንጬን አገዳ ለይታ ለላሟ ታስቀምጥ ነበር፤ “ይኼ እርጥብ ነው፣ ትወደዋለች” ትል ነበር። ቅጠሉ ለምን እንዳልደረቀ ጠይቄያት አላውቅም።

ሌላም አለ። ገበሬያችን በውድ ዋጋ ገዝቶ የሚበትነው ዩሪያ ሁሉ ወደ ሰብሉ አይገባም። አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጂኑን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬቱ ከዝናብ ጋር ሰርጎ ወደ ምንጭና ወደ ጉድጓድ ውኃ ይወርዳል፤ ከፊሉም ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ሆኖ ይተናል። ይህ ጋዝ በመቶ ዓመት ውስጥ አየሩን የማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በ273 እጥፍ ይበልጣል። ጃፓን ውስጥ ጭምር የሚሠሩ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት የማሽላ ሥር ሶርጎሊዮን የሚባል ቅባት ያመነጫል፤ በሥሩ ፀጉሮች ጫፍ ላይ እንደ ወርቃማ ጠል ይታያል፤ ይህ ቅባት ተሕዋስያኑን አደብ ያስገዛል፣ ናይትሮጂኑ ከአፈሩ ሳይሸሽ እንዲቆይ ያደርጋል። አንዱ የማሽላ ዓይነት ብዙ ያመነጫል፣ ሌላው ጥቂት። ስለዚህ አሁን የሚፈለገው ብዙ የሚያመነጨው ነው፤ ማዳበሪያ የሚቆጥብ፣ ውኃ የማያበላሽ ማሽላ። እንዲህ ያለ ዘር ከየት ሊመጣ እንደሚችል ስጠየቅ መጀመሪያ የሚታየኝ ዩሪያ አይታ የማታውቀው የእማማ ተረተር ነው። ዕድሜ ልኳን ያለ ማዳበሪያ ዘርታ ያጨደችው እህል ከሥሩ ምን ያንጠባጥብ እንደነበር ለማወቅ ሃያ ፍሬ ይበቃ ነበር። ሃያ ያልተበሳ ፍሬ።

ተመርቄ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኜ የሠራሁት ከአገሬ በማይርቅ ቆላ ነው። ያደልኩት ምርጥ ዘር ነው፤ ጎብዬ እና አብሽር። በዚህስ አልጸጸትም። አቀንጭራ የምትባለው አረም የወረሰችውን ማሳ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሐምራዊ አበባዋ ሲያምር፣ ሥሯ የማሽላውን ደም ትመጣለች፤ አንዷ ተክል የምትበትነው ዘር ስፍር ቁጥር የለውም፣ አፈር ውስጥም ብዙ ዓመት ተደብቆ ይቆያል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ይህችን አረም የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀላቸው ነው። ዝናቡ ባጠረበት አገር ቶሎ የሚደርሰው ዘር ብዙ ቤት አድኗል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። የሚቆጨኝ አዲሱን በቀኝ እጃችን ስናቀብል በግራችን አሮጌውን መቀበል መርሳታችን ነው። በየደጁ ስዞር በየማድቤቱ ጣሪያ ላይ ያ ጢስ የጠጣ ዛላ ነበር። ለአንዷም እናት “ይኼ ምን ይባላል? እፍኝ ስጪኝ” አላልኩም። ምን ብዬ ልበል? አንድ ጊዜ እፍኝ ተሰጥቶኝ ምን እንዳደረግሁት አውቃለሁ። ሐፍረቴ ለሁለተኛ ጊዜ አፌን ዘጋው፤ ይኼኛው ደግሞ የአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን የአንድ ወረዳ ዘር አስበላ።

ያ መምህራችን ጡረታ ወጥቷል አሉ። አንድ ቀን ሄጄ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ አልሄድኩም።

አምና ኅዳር ላይ ባቲ ሄድኩ፤ ሰኞ ገበያ። የእህል ተራውን ከላይ እስከ ታች እየዞርኩ ጆንያ ፊት የተቀመጡ ትልልቅ ሴቶችን ጠየቅሁ። አብዛኞቹ ስሙን አያውቁትም። አንዲት አሮጊት ግን ቀና ብለው አዩኝና “ወተት በጉንጬ! ከሰማሁት ስንት ዘመኔ” አሉ። “ልጅ ሳለሁ ማማ ላይ ወፍ ስንጠብቅ የምንጠብሰው እሱን ነበር። አንተ ከየት አወቅኸው?”

አያቴ ትዘራው ነበር አልኳቸው።

“ታዲያ ከእሷ አትወስድም?”

ዝም አልኩ። እሳቸውም ነገሩን ሳይገፉ ወደ ጆንያቸው ዘወር አሉና “ድብልቅ ነው፤ አንዳንዴ ይገኝበታል፤ እስቲ እጅህን ክተት” አሉኝ። ጎንበስ ብዬ እጄን እስከ ክንዴ ከተትኩ። ከሥር እየዘገንኩ፣ በጣቶቼ መሐል እያንሸራተትኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሽብሽቡን ፈለግሁ። ፍሬው ሁሉ ለስላሳ ነበር። ሴትዮዋ ገዢ መጥቶባቸው ሲመዝኑ እኔ ገና እጄን አላወጣሁም ነበር።