ሲያንኮራፋ የሚያድር ሾፌር



በአሜሪካ የጭነት መኪና እየነዳን ቤተሰብ የምናስተዳድር ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ጥቂት አይደለንም። ስንገናኝ ስለ ናፍጣ ዋጋ፣ ስለ ጭነት መጥፋት፣ ቆመን ስለምንሰግድበት ቦታ እናወራለን። ስሊፕ አፕኒያ ስለሚባለው በሽታ ግን የሚነሣው በሹክሹክታ ነው።

ሰውየው ሲተኛ የጉሮሮው ሥጋ ይላላና የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል። ትንፋሹ ለ10 ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆማል። አንጎል ደንግጦ ሲቀሰቅሰው በኃይል አንኮራፍቶ ይተነፍስና መልሶ ይተኛል። ይህ በሰዓት 5 ጊዜ ከደረሰ በሽታ ነው፤ 30 ከደረሰ ከባድ ይባላል። ሲነጋ ግን አንዱንም አያስታውስም። ምስክሯ ባለቤቱ ናት። «ትንፋሽህ ጠፍቶብኝ ነቀነቅሁህ» ያለችውን ሚስት መቆጣት አይገባም፤ ሐኪሙ የሚፈልገው ይህንኑ ቃሏን ነው።

እንዲህ ያደረ ሰው 36 ቶን ገደማ የሚመዝን መኪና ይዞ መንገድ ይወጣል። ቡናም ሆነ ጫት ዓይንን ይገልጥ እንደሆነ እንጂ ጉሮሮን አይከፍትም። በ2002 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከንግድ መኪና ነጂዎች 28 በመቶ ያህሉ ቀላልም ይሁን ከባድ ይህ ችግር እንዳለባቸው ገምቷል። በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በሽታው ተገኝቶባቸው ሕክምናውን ያልተከተሉ ሾፌሮች፣ ሊወገድ ይችል የነበረ ከባድ አደጋ የሚደርስባቸው ከጤነኞቹ አምስት እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል።

ታዲያ ለምን ይደበቃል? መኪናው የብድር ነው፤ ሳምንት መቆም ዕዳ ነው። የሕክምናው ቅጽ ስለ ማንኮራፋትና ስለ ትንፋሽ መቋረጥ ሲጠይቅ «የለም» ላይ ምልክት የሚያደርግ ብዙ ነው። መንግሥት በ2016 ምርመራውን በደንብ ለማስገደድ አስቦ በ2017 ሐሳቡን ስላነሣ፣ ነገሩ የሚመዘነው በመርማሪው ነው። አንዱ ሐኪም የአንገትን ውፍረት፣ ክብደትንና የደም ግፊትን አይቶ ለምርመራ ይልካል፤ ሌላው ያሳልፋል። ስለዚህ «ቀለል ያለ ሐኪም» የሚያፈላልግ አለ። በእኛ አስተያየት ይህ ብልጠት አይደለም፤ ፊርማው አማና ነው፣ ከፊት ባለችው ትንሽ መኪና ውስጥም የሰው ልጆች አሉ።

ደግሞስ የተፈራው ያህል አይደለም። ምርመራው ብዙ ጊዜ ጣት ላይ፣ ደረት ላይና አፍንጫ ሥር በሚደረግ ትንሽ መሣሪያ ቤት ውስጥ ያልቃል። ሕክምናው አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን በ1981 ያስተዋወቀው፣ በጭንብል አየር እየነፋ ጉሮሮን ከፍቶ የሚያሳድር ሲፓፕ ነው። የመኪናው አልጋ ላይም ይሠራል። መሣሪያው ሰዓቱን ይመዘግባል፤ ከ10 ሌሊት በ7ቱ ቢያንስ 4 ሰዓት የተጠቀመበት ሾፌር ማሽከርከሩን ይቀጥላል። የሚለወጠው በ2 ዓመት ይታደስ የነበረው የጤና ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ መታደሱ ነው።

በረመዳን ተራዊሕና ሱሑር እንቅልፍን ለሁለት ይከፍሉታል። ጭንብሉ ከሱሑር በፊትም ከፈጅር በኋላም መደረግ አለበት፤ ከተራዊሕ ደክሞ መጥቶ እንዲሁ ጋደም የሚል ብዙ ነው። መሣሪያው አየሩን የሚያረጥብበት የውኃ መያዣ አለው። ሌሊት ነድቶ በጾም ቀን የሚተኛ ወንድም ስለ ውኃው ዓሊሞችን ይጠይቅ፤ ያለ ውኃም ይሠራል።