ባንኮክ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት

ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ በሚሄድ ሰው ቦርሳ ውስጥ የማይጠፋ ነገር ቢኖር የዘመድ አዝማድ ዝርዝር ነው። ለእህት ልጅ ጫማ፣ ለአክስት የሐር ሻርፕ፣ ለጎረቤት የፀጉር ቅባት፣ ለሥራ ባልደረባ ደግሞ «አንቺ ደስ ያለሽን»። እኔም እናቴን ለሕክምና ይዤ ስሄድ አንድ ገጽ ተኩል የሞላ ዝርዝር ይዤ ነበር። የሐኪም ቀጠሮው በየቀኑ ስላልነበረ ባዶ ቀኖቻችንን ገበያ ለገበያ ስንዞር አሳለፍን።

እናቴ አርባ ዓመት ሙሉ መርካቶ የሸመተች ሴት ናት። ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አትናገርም። ያም ሆኖ በዚያች ከተማ እኔ ስሞኝ እሷ አልተሞኘችም። ለሕክምናም ይሁን ለንግድ ወይም ለመዝናናት ወደዚያ የሚያቀኑ ከሆነ፣ ከእሷ ያየሁትንና ከራሴ ስህተት የተማርኩትን ላካፍልዎ።

ክርክሩ የሚጀምረው ሆቴል ውስጥ ነው

በደረስንበት ምሽት እናቴ ሦስት ፖስታ አስወጣችኝ። አንዱ ለሕክምና፣ አንዱ ለምግብና ለመጓጓዣ፣ ሦስተኛው ለዝርዝሩ። «የዝርዝሩ ፖስታ ሲያልቅ ገበያው አለቀ» አለች። ያን ጊዜ ነገሩ የድሮ ሰው ልማድ መስሎኝ ነበር።

እርስዎም እንዲህ ያድርጉ። ባንኮክ ውስጥ የሚያከስርዎ ሃምሳ ባት ያስወደደብዎ ሻጭ አይደለም፤ «ርካሽ ነው» እያሉ ያልታሰበ ነገር መግዛት ነው። አየር ማረፊያ ውስጥ ለመጀመሪያው ቀን የሚበቃዎትን ብቻ መንዝረው የቀረውን ከተማ ውስጥ ባሉ የምንዛሪ ሱቆች ይመንዝሩ። ዶላርዎ ንጹሕና ያልተጻፈበት ይሁን። ትልልቅ የገበያ ማዕከሎች ካርድ ቢቀበሉም፣ በተራ ገበያ ግን ከውጭ የመጣ ሰው ጥሬ ገንዘብ ቢይዝ ይሻለዋል።

ዋጋ የሚነቃነቅበትንና የማይነቃነቅበትን ይለዩ

እንደ ሲያም ፓራጎንና ሴንትራልወርልድ ባሉ ትልልቅ የገበያ ማዕከሎች ዋጋው ቁርጥ ነው። እዚያ ሽያጭ ሠራተኛዋን ቀንሺ ማለት እሷን ማስጨነቅ ብቻ ነው። በጎዳና ላይ የሚሸጥ ምግብም ዋጋው የታወቀ ስለሆነ አይከራከሩበት። ክርክር ያለው በሚከተሉት ሰፈሮች ነው።

ቻቱቻክ ቅዳሜና እሑድ የሚቆም፣ ከ15,000 በላይ መደብሮች አሉት የሚባልለት ግዙፍ ገበያ ነው። በ27 ክፍሎች የተከፈለ ሲሆን ልብስ፣ የቤት ዕቃ፣ ሴራሚክ፣ የእጅ ሥራ፣ ሁሉም አለ። በከተማው ባቡር ሞ ቺት፣ በምድር ውስጥ ባቡር ደግሞ ካምፌንግ ፌት ጣቢያ ይወርዳሉ። ፀሐዩ ሳይበረታ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ይድረሱ። መሐል ላይ ያለው የሰዓት ማማ ለቤተሰብ ጥሩ መገናኛ ነው፤ «ከተጠፋፋን እዚያ» ብለው አስቀድመው ከልጆችዎ ጋር ይስማሙ። «ዞሬ እመለሳለሁ» ያሉትን ሱቅ መልሶ ማግኘት እጅግ ከባድ ስለሆነ የክፍሉንና የሱቁን ቁጥር በስልክዎ ፎቶ ያንሱ።

ፕራቱናም የልብስ ጅምላ ሰፈር ነው። እዚያው ያለው ፕላቲነም የተባለው ሕንፃ አየር ማቀዝቀዣ ያለው በመሆኑ ከልጆችና ከአዛውንት ጋር ለመዞር ይመቻል። በብዙዎቹ ሱቆች አንድ ልብስ ሲገዙ አንድ ዋጋ፣ ሦስት ሲገዙ ደግሞ የጅምላ ዋጋ ይሰላልዎታል። ሦስቱን የተለያየ ቀለም ማድረግ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቅዳሉ። የዘመድ ዝርዝር የሚያልቀው እዚህ ነው።

ሳምፔንግ በቻይናውያን ሰፈር በያዋራት አጠገብ ያለ ጠባብ መተላለፊያ ነው። የፀጉር ጌጥ፣ መጫወቻ፣ የስጦታ መጠቅለያና የመሳሰለው በደርዘን ይሸጣል። ጋሪና ሞተር ብስክሌት በሰው መሐል ስለሚያልፍ የሕፃናትን እጅ አይልቀቁ። ከዚያ በእግር ብዙም ሳይርቁ ፓሁራት ይገኛል፤ የሕንድ ተወላጆች ጨርቅ በሜትር የሚሸጡበት ሰፈር ነው።

ካልኩሌተርና ፈገግታ

የእናቴ ዘዴ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ተመሳሳይ ዕቃ ያላቸውን ሦስት ሱቆች ዋጋ ጠይቃ ዝም ብላ ትወጣለች። በአራተኛው ላይ ትቆምና ዕቃውን አገላብጣ ታያለች፤ ስፌቱን፣ ዚፑን፣ ገበሩን። ሻጯ ካልኩሌተር ላይ 350 ስትጽፍ እናቴ ፈገግ ብላ ካልኩሌተሩን ትቀበልና 250 ትጽፋለች። ሻጯ ትስቃለች፣ 320 ትላለች። እናቴ ሁለት ጣቷን ታሳያለች፤ «ሁለት ልውሰድ» ማለቷ ነው። በ280 ሂሳብ ሁለቱን ይዛ ትወጣለች። አንድ ቃል አልተነጋገሩም፤ ሲለያዩ ግን እንደ ጎረቤት ነበር።

«የተጠሩትን ዋጋ በግማሽ ይጀምሩ» የሚል ምክር ሰምተው ይሆናል። እኔ ባየሁት ባንኮክ ውስጥ ይህ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ሻጩ ከመነሻው ያን ያህል ላያጋንን ስለሚችል ግማሹን ሲጠሩ ፊቱን አዙሮ ሌላ ደንበኛ ያስተናግዳል። ከመቶ ከአሥር እስከ ሠላሳ ካስቀነሱ ጥሩ ገዝተዋል። ከሁሉም የሚበልጠው ማስቀነሻ ከአንድ በላይ መግዛት ነው።

ሦስት ሐረጎች ይያዙ። «ታው ራይ» ማለት ስንት ነው፤ «ፔንግ ፓይ» ተወደደ፤ «ሎት ኖይ ዳይ ማይ» ደግሞ ትንሽ ይቀነሳል ወይ ማለት ነው። ሴት ከሆኑ መጨረሻው ላይ «ካ»፣ ወንድ ከሆኑ «ክራፕ» ይጨምሩ፤ የአክብሮት ቃል ነው። ድምፅዎን ከፍ አድርገው አይከራከሩ። በአደባባይ መቆጣት እዚያ ትልቅ ነውር ነው፤ የተቆጣ ሰው ቅናሽ አያገኝም። ገንዘቡም ላይ የንጉሡ ምስል ስላለበት ብር አይወርውሩ፣ ወድቆም ቢያገኙት አይርገጡት።

በጠዋት ከሄዱ አንድ ነገር ያስተውላሉ። የቀኑን የመጀመሪያ ሽያጭ የሸጠ ነጋዴ የተቀበለውን ብር በቀሩት ዕቃዎች ላይ ያስነካል፤ ቀኑ ይቅናኝ ማለቱ ነው። ያ የመጀመሪያ ገዢ እርስዎ ከሆኑ ብዙ ጊዜ ዋጋው ይለዝባል።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ጋ ቦርሳ ሳስቀንስ ቆየሁና የጠራሁትን ዋጋ እሺ አለችኝ። እኔ ግን «ቶሎ እሺ ካለች ሌላ ቦታ ይረክሳል» ብዬ ጥያት ሄድኩ። እናቴ ክንዴን ይዛ አስቆመችኝ። «ዋጋውን የጠራሽው አንቺ ነሽ። እሺ ካለችሽ ተሸጧል።» ተመልሰን ገዛነው። ቦርሳው ዛሬም አብሮኝ አለ። ሊገዙ ካላሰቡ ዋጋ አይጥሩ።

የተሞኘሁበት ቀን

እናቴ ሆቴል ያረፈች ቀን ብቻዬን ወደ ታላቁ ቤተ መንግሥት ሄድኩ። በሩ ሳልደርስ አንድ በደንብ የለበሰ ሰው በጥሩ እንግሊዝኛ «ዛሬ ጠዋት ሥነ ሥርዓት ስላለ ዝግ ነው» አለኝ። እኛ ባጃጅ ከምንለው ጋር የሚመሳሰለውን ቱክቱክ ጠርቶ በ20 ባት ብቻ ቤተ መቅደሶችን እንዲያስጎበኘኝ ተስማማልኝ። ሁለት ቤተ መቅደስ አየሁና ሦስተኛው ማረፊያችን የጌጣጌጥ ሱቅ ሆነ። «ዛሬ የመጨረሻው የቅናሽ ቀን ነው፤ ይህን ሰንፔር አገርዎ ወስደው በእጥፍ ይሸጡታል» አሉኝ።

ለአንዲት ትንሽ ቀለበት 4,500 ባት ከፈልኩ። የከፈልኩት ከየትኛው ፖስታ እንደሆነ ልንገርዎ? ጠዋት የሆስፒታል ሂሳብ ልከፍልበት ከያዝኩት ነው። ትልቁን ድንጋይ ሊያስገዙኝ ሲሉ ለእናቴ ደወልኩ። ሰምታኝ ስታበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «በእጥፍ የሚሸጥ ከሆነ እነሱ ለምን ይዘው አይመጡም?» ይቅርታ ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ ቀለበቷን ለሌላ ጌጥ ሠሪ ባሳየው ፈገግ ብሎ ዝም ብሎ መለሰልኝ።

ይህ ማታለያ ባንኮክ ውስጥ የቆየና የታወቀ ነው። ቤተ መንግሥቱ አብዛኛውን ጊዜ በየቀኑ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡30 ጀምሮ ክፍት ነው። መዘጋቱን መጠየቅ ያለብዎት በር ላይ ያለውን ሠራተኛ እንጂ መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው አይደለም። ከዋጋው በታች የሚወስድዎ ቱክቱክ ክፍያውን የሚያገኘው ከሚያደርስዎ ሱቅ ነው። ታክሲ ሲይዙም ሜትሩ መበራቱን ይዩ፤ «ሜትር አይሠራም» ካለዎ ሌላ ይያዙ።

ወርቅ ካሰቡ

ወርቅ የሚገዛው በያዋራት ጎዳና ባሉት ቀያይ ሱቆች ነው። የታይላንድ ወርቅ በመቶ 96.5 ንጥር ሲሆን በእኛ ስሌት 23 ካራት ገደማ መሆኑ ነው። የሚመዘነውም እንደ ገንዘቡ «ባት» በሚባል መለኪያ ስለሆነ እንዳይምታታብዎ፤ አንድ ባት የወርቅ ጌጥ 15.16 ግራም ይመዝናል። የቀኑ ዋጋ በየሱቁ ተለጥፎ ይታያል፤ እሱ ላይ ክርክር የለም። መከራከር የሚቻለው በእጅ ሥራው ክፍያ ላይ ብቻ ነው። ደረሰኙን ይያዙ።

ሻንጣ ከመዝጋትዎ በፊት

የታክስ ተመላሽ ምልክት ካለበት ሱቅ በአንድ ቀን ከ2,000 ባት ያላነሰ ከገዙ 7 በመቶ የሆነው ተጨማሪ እሴት ታክስ በከፊል ሊመለስልዎ ይችላል። ፓስፖርትዎን አሳይተው ቅጹን በዚያው ቀን ያስሞሉ፤ አየር ማረፊያ ሲደርሱ ሻንጣ ከማስረከብዎ በፊት የጉምሩክ ማኅተም ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ።

ቅባት፣ መድኃኒት ወይም የታሸገ ምግብ ሲገዙ የሚያበቃበትን ቀን ያንብቡ። እኛ የራሳችን አቆጣጠር እንዳለን ሁሉ እነሱም የቡድሃ ዘመን ይጠቀማሉ፤ ከፈረንጆቹ በ543 ዓመት ይቀድማል። 2568 የሚል ካዩ የፈረንጆቹ 2025 ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከገዙ የአገሩ ኃይል እንደኛው 220 ቮልት ነው፤ የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ ይመልከቱ። የቡድሃ ሐውልት ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ለንግድ የሚመስል ብዛት ያለው ዕቃም ቦሌ ጉምሩክ ላይ እንደሚያስጠይቅዎ አይርሱ።

ልንመለስ ሦስት ቀን ሲቀረን ሐኪሙ ያላሰብነው ተጨማሪ ምርመራ አዘዘ። ከሕክምናው ፖስታ ላይ ቀለበቴ የበላችው ጎድሎ ነበርና የዝርዝሩን ፖስታ ከፈትን። ምርመራው ተደረገ፤ ውጤቱም ደህና ሆነ። ከዝርዝሩ ግን ግማሹ ሳይገዛ ቀረ።

አዲስ አበባ ስንደርስ እናቴ ለአክስቴ የሐር ሻርፑን ሰጠቻት፤ ለሌሎቹ ደግሞ «ዘንድሮ እኔን ነው ይዛ የመጣችላችሁ» አለቻቸው። የተቀየመን ሰው የለም። እርስዎም ዝርዝሩን ሲቀበሉ «ከተረፈ» ብለው ይቀበሉ።