ከጁባ እስከ ባዝ

በጁባ ከተማ የሚኖር ሰው ማታውን በሁለት ይከፍለዋል፤ ጄኔሬተሩ የሚሠራበት ሰዓትና ጄኔሬተሩ የሚጠፋበት ሰዓት። እኛም ለሥራ ወደዚህች ከተማ ከመጣን ጀምሮ ኑሯችንን በዚሁ ልማድ አስተካክለን፥ ከራት በኋላ ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ከባለቤታችን ጋር ተቀምጠን ፊልም እናይ ነበር። ምሽትን ሁሉ በፊልም ማሳለፍ ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ የሚያስመሰግን ነገር አይደለም፤ ይሁን እንጂ የዚህ ጽሑፍ ምክንያት እርሱ ስለ ሆነ መደበቅ አይገባንም። አማርኛን በመማር ላይ የሚገኙ ባለሥልጣኖች ይህን ገጽ እንደሚያነቡ ስለምናውቅ፥ ዓመቱንና ወሩን በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል።

በ2020 በኖቬምበር ወር በትግራይ ጦርነት ተነሣ፤ ስልክም ተቋረጠ። የባለቤታችን እናት የሚኖሩት በዓድዋ አካባቢ ነበር። በየማታው ከራት በፊት አንድ ጊዜ፥ ከራት በኋላ አንድ ጊዜ እንደውላለን፤ የሚመልስልን ግን ያው የተቀዳ ድምፅ ነው። እንቅልፍ ከቤታችን ጠፋ። በዚህ ጊዜ አንድ የሥራ ባልደረባችን በዚያው ዓመት በልደት ዕለት የወጣውን፥ ብሪጀርተን የሚባለውን ተከታታይ ፊልም በፍላሽ ቀድቶ ሰጠን። ነገሩ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የነበሩ የእንግሊዝ መኳንንት ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚድሩ የሚያሳይ ነው። ሠረገላ አለ፤ የሐር ልብስ አለ፤ ጭፈራ አለ፤ ደብዳቤም በሰዓቱ ይደርሳል። ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛ ከሁሉ ይልቅ ድንቅ ነበር።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማርንበት መጽሐፍ ውስጥ የአንድ ታላቅ ቤት ሥዕል ነበረ፤ ከፊቱ ሰፊ የሣር ሜዳ፥ በሜዳው ላይ ሦስት በጎች። የአገራችን በግ ሣር እንዲህ ተትረፍርፎለት ስላላየን፥ በልጅነታችን ያ ቤት የበጎቹ ይመስለን ነበር። በፊልሙ ውስጥ ቤቱን እንደገና ባየነው ጊዜ ደስ አለን። ብሪጀርተን ሲያልቅ ዳውንተን አቢ የሚባለውን ጀመርን። እርሱ 52 ክፍል ስላለው፥ እንቅልፍ ላጣ ሰው ብዙ ማታ ያደርሳል።

በ2021 በጁላይ ወር ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ነጋዴ ወደ ቢሯችን ገባና በሩን ዘጋ። እንግዳ በሩን ሲዘጋ ምን እንደሚከተል የሐበሻ ልጅ ያውቃል። አማታችን በጃንዋሪ ወር ዐርፈው፥ በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ተቀብረው፥ ስድስት ወር አልፏቸው ነበር።

እዚህ ላይ «መርዶ» ስለሚለው ቃል ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ትርጉሙ የሞት ወሬ ማለት ነው፤ በትግርኛም «መርድእ» ይባላል። ነገር ግን መርዶ ወሬ ብቻ አይደለም፤ ሥርዐት ነው። ለባለ ኀዘኑ አንድ ሰው ብቻውን አይነግረውም። ዘመድና ጎረቤት በሌሊት ይሰበሰባል፤ ሽማግሌም ይጨመራል፤ ጎሕ ሲቀድ በር ይንኳኳል። ባለ ኀዘኑ ወድቆ እንዳይጎዳ የሚይዙት እጆች አስቀድመው ተዘጋጅተው ይቆማሉ። ስለዚህ የሰማ ሰው ሰዎቹ እስኪሰበሰቡ ድረስ ምንም እንዳልሰማ ሆኖ መዋል ግዴታው ነው።

በጁባ የአገራችን ሰዎች እድር አላቸውና ሰው አላጣንም። መጀመሪያ ሊያረዱልን የሚገቡት ሽማግሌ ወደ ኒሙሌ ሄደው ነበርና እርሳቸውን ጠበቅን። እርሳቸው ሲመለሱ ደግሞ ሌላ ምክንያት አገኘን፤ ከዚያም ሌላ። እውነቱን ለመናገር ግን ምክንያቱ አንድ ነበር። ወሬውን በሰማንበት ማታ በዳውንተን አቢ ውስጥ ያሉት አሮጊት ወይዘሮ አንድ ነገር ተናገሩና ባለቤታችን ሣቀች፤ ከስምንት ወር በኋላ የመጀመሪያዋ ሣቅ ነበረች። እኛም አብረን ሣቅን። እንዲህ ሆኖ 11 ቀን አለፈ።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ልቅሶው ካለፈ በኋላ ባለቤታችን ነጋዴው ጁባ የገባበትን ቀን ከሰው ጠይቃ ቆጠረች። ከዚያ ወዲያ ፊልሙን አልከፈተችውም፤ እኛም አንድም ቀን «ምነው?» ብለን አልጠየቅናትም።

ወደ እንግሊዝ አገር ሄደን እነዚያን ቤቶች በዓይናችን እንድናይ ያሰብነው እኛ ነን። ካሳ ነው ቢባልም አንክድም። እርሷ አንድ ዓመት ሙሉ መልስ ሳትሰጠን ቆየች፤ በኋላ አንድ እሑድ በደብተር ወረቀት ላይ የቤቶችን ስም ዝርዝር ጽፋ ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ አኖረችልን። በ2024 በሴፕቴምበር ወር መጀመሪያ፥ ገንዘቡ ሲጠራቀም፥ በአዲስ አበባ በኩል ሎንዶን ገባን፤ ከዚያም በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዘን ባዝ ደረስን።

ባዝ ማለት መታጠቢያ ማለት ነው። እኛ በአዲስ አበባ ፍል ውሃ እንደምንለው ያለ፥ ሙቀቱ 46 ዲግሪ የሆነ ውሃ ከመሬት ይፈልቃል፤ ሮማውያን በላዩ መታጠቢያ ሠርተውበት ነበር። የከተማው ሕንፃ ሁሉ ማር በመሰለ ድንጋይ ስለ ተሠራ፥ ፀሓይ ስትጠልቅ ከተማው በፋኖስ የተበራ ይመስላል። ዩኔስኮ በ1987 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ሁሉም ሰው የሚሄደው ሮያል ክረሰንት ወደሚባለው ስፍራ ነው። ጆን ውድ የሚባል መሐንዲስ (አባቱም በዚሁ ስምና በዚሁ ሙያ የታወቀ ነበር) ከ1767 እስከ 1774 ያሠራው፥ እንደ ግማሽ ጨረቃ የተቆለመመ የ30 ቤቶች ረድፍ ነው፤ ፊቱ ላይ 114 ዓምዶች ቆመዋል። በጫፍ ያለው ቁጥር አንድ ቤት ዛሬ ቤተ መዘክር ሆኗል፤ በብሪጀርተን ውስጥ የፌዘሪንግተን ቤተ ሰብ ቤት ሆኖ የሚታየውም እርሱ ነው። እኛን የገረመን ግን ሌላ ነገር ነው። መሐንዲሱ የነደፈው ፊቱን ብቻ ነው። እያንዳንዱ ገዢ ከፊቱ ግድግዳ ጥቂት ስፋት ከገዛ በኋላ፥ የቀረውን በፈቀደው ሰው እንደ ፈቀደ አሠራው። ባለቤታችን ይህን በሰማች ጊዜ ፊቱን ከሚያነሡት ሰዎች መካከል ወጥታ ወደ ጀርባው መንገድ ዞረች። እዚያ አንዱ ቤት ወደ ውጭ ተገፍቷል፤ ሁለተኛው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ሦስተኛው ጣሪያው ከፍ ብሏል። ብዙ ፎቶግራፍ ያነሣችው እዚያ ነው።

አቢ ግሪን በምትባለው ትንሽ አደባባይ የፊልሙን የልብስ ሰፊ ሱቅ ፈለግን። ሐር እናያለን ስንል ያገኘነው ምግብ መሸጫ ነው፤ ሐሩ ቀረና ዳቦና አይብ በላን። ላኮክ የምትባለውንም መንደር አየን። በ1995 የተሠራው የጄን ኦስተን ታሪክ ፊልም የተነሣው በዚያ ነው። በመንደሩ ያለውን የጥንት ገዳም ቤት መስኮት ፎክስ ታልቦት የሚባል ሰው በ1835 በትንሽ የእንጨት ሣጥን ሥሎታል፤ እስከ ዛሬ ከተረፉት የፎቶግራፍ ኔጋቲቮች የመጀመሪያው እርሱ ነው። ዳውንተን አቢ የተነሣበትን የሃይክሌርን ቤት ግን ለጎብኚ በሚከፈትበት ወራት ስላልደረስን አላየነውም። ባለቤታችን «ይቅር» ብላ ስሙን ከዝርዝሩ ሰረዘችው። የሰረዘችው ስለ ቀኑ ብቻ አልመሰለንም።

ከባዝ ጥቂት ራቅ ብሎ ኔስተን ፓርክ የሚባል የመኳንንት ርስት አለ። ከ2008 እስከ 2011 በቴሌቪዥን የታየው የገጠር ድራማ የተሠራው በዚያ ሜዳ ነው፤ እኛ ግን የሄድነው ስለ ጁባ ነው። ከጁባ ማዶ ያለችውን ጎንዶኮሮን የማያውቅ የከተማችን ነዋሪ የለም። ጆን ስፒክ የሚባለው እንግሊዛዊ የነጭ ዓባይን መነሻ አየሁ ብሎ በፌብሩዋሪ 1863 ጎንዶኮሮ ሲደርስ፥ ሳሙኤል ቤከር በዚያ ተቀብሎታል። በማግሥቱ ዓመት በሴፕቴምበር 16 ቀን ስፒክ በባዝ ከተማ ከተቀናቃኙ ከሪቻርድ በርተን ጋር በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ሊከራከር ተቀጠረ። በዋዜማው በኔስተን ፓርክ አደን ወጥቶ የድንጋይ ካብ ሲሻገር የገዛ ጠመንጃው ተተኩሶ ገደለው። ዕድሜው 37 ነበረ። ከእንዲህ ያለው ካብ አጠገብ ቆመን፥ በቤታችን አጠገብ የሚያልፈው ውሃ ከየት እንደሚመጣ ትክክለኛውን ተናግሮ ሳይታመን የሞተውን ሰው አሰብን። ካቡ ከወገባችን አይበልጥም።

በባለቤታችን ዝርዝር ውስጥ ያልነበረ አንድ ቤት ነበር፤ እርሱን የጨመርነው እኛ ነን። ፌርፊልድ ሐውስ ይባላል፤ በከተማው ምዕራብ ዳር በኬልስተን መንገድ ላይ ይገኛል። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1936 በጄኔቫ ከተናገሩ በኋላ ወደ ባዝ መጥተው ይህን ቤት ገዙ፤ እስከ 1940 ድረስም በስደት ተቀመጡበት። ቤቱን ያሠራው ሰው በጊዜው ልማድ የጣልያንን የሕንፃ አሠራር ተከትሏል፤ በጣልያን የተሰደዱት ንጉሥ በየቀኑ ሲገቡና ሲወጡ ይህን ሳያስተውሉ አልቀሩም።

ከሮያል ክረሰንት ጋር ሲወዳደር ትንሽ ቤት ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ግን መኳንንቱና ካህናቱ፥ ልጆቹና አሽከሮቹ ተጠጋግተው ኖረዋል። ገንዘብ አጠረ፤ ከአገር ይዘው የወጡት የብር ዕቃ ሎንዶን ላይ ተሸጠ። ኢትዮጵያ ከአንድ የቴሌግራፍ ኩባንያ የምትቀበለው ዕዳ ነበረና ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ በ1938 ፈረደላቸው። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር የእንግሊዝ መንግሥት የጣልያንን ወረራ ሕጋዊ ነው ብሎ ስላወቀ፥ ፍርዱ በይግባኝ ተገለበጠ፤ ገንዘቡም የጣልያን ንጉሥ ሆነ። ልዕልት ፀሐይ በሎንዶን በሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ። የሕይወት ታሪካቸውን መጽሐፍም ንጉሠ ነገሥቱ ማዘጋጀት የጀመሩት በባዝ ነው። በ1958 ቤቱን ለከተማው ሰጡ፤ የከተማው አረጋውያንም ተጠለሉበት።

እኛ በየክፍሉ ስንዞር ይህን ሁሉ ለባለቤታችን ተረክንላት። እርሷ የጠየቀችን ስለ አንዲት ልዕልት ብቻ ነበር። ልዕልት ሮማነ ወርቅ ከልጆቻቸው ጋር በጣልያኖች ተማርከው ወደ ጣልያን አገር ተወሰዱ። አባታቸው በዚህ ቤት መስኮት ሆነው የእንግሊዝን ዝናብ ሲያዩ፥ ልጃቸው በምርኮ ነበሩ። በጁን 1940 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ሱዳን ተነሡ፤ ልዕልቲቱ በኦክቶበር ቱሪን ላይ ዐረፉ። አባትየው በጃንዋሪ 1941 ድንበር ተሻግረው በሜይ 5 አዲስ አበባ ሲገቡ፥ ሰው ሁሉ እልል ሲል፥ ልጃቸው ስድስት ወር አልፏቸው ነበር።

«ስድስት ወር» አለች ባለቤታችን። ከዚያም በአትክልቱ ስፍራ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ለእናትየዋ ማን አረዳቸው?» ብላ ጠየቀችን።

እኛ ዝም አልን።

«ሰው ሁሉ መርዶ ይደብቃል፤ እኔም ደብቄ አውቃለሁ» አለች። «የተቆጣሁት ስለ ደበቅኸኝ አይደለም። እናቴ በመቃብር ሆና እኔ ስሥቅ አይተህ፥ አብረኸኝ ስለ ሣቅህ ነው።»

በመርዶው ወቅት ልንናገረው የሚገባንን ነገር በዚያን ጊዜ ተናገርን። ያችን ሣቅ አንድ ማታ ብቻ ልናቆይላት አስበን እንደ ነበረ፥ አንዱ ማታ ግን ሁለት፥ ሁለቱም 11 እንደ ሆኑ፥ ፈሪ እንደ ነበርንም ነገርናት። እርሷ ጓንቷን እያጠለቀች ብዙ ዝም ካለች በኋላ፥ «አንዱን ማታ እሰጥሃለሁ» አለች፤ «ዐሥሩን ግን አልሰጥህም።» ተነሥተንም ወደ አውቶቡሱ ሄድን።

ጁባ በተመለስን በሁለተኛው ሳምንት የመስቀል በዓል ሆነ። ማታ ጎረቤቶቻችን ለቡና ተሰብስበው ባለቤታችንን ስለ መስፍኑ ቤት ሲጠይቋት፥ እርሷ ስለ ቤቶቹ ጀርባና ሐር ብለን ስለ በላነው አይብ ትነግራቸው ነበር። እኛ በውጭ በኩል ሬዲዮ ስንሰማ፥ ያችን አሮጊት ወይዘሮ ሆና የተጫወተችው ማጊ ስሚዝ በዚያው ዕለት በሎንዶን ማረፏን ተናገሩ። ወዲያው ገብተን፥ ሰው ሳንሰበስብ፥ ጎሕም ሳንጠብቅ ነገርናት።

ባለቤታችን ጀበናውን እንደ ያዘች አየችን። ከዚያም ሣቀች፤ ጎረቤቶቹም ምን እንደሚያሥቅ ሳያውቁ አብረው ሣቁ። ቡናውን ቀድታ ከጨረሰች በኋላ «ፍላሹ የት ነው?» አለችን። ጄኔሬተሩ ሊጠፋ አንድ ሰዓት ቀርቶት ነበር።