ትእዛዝ መሆኑ ያልገባኝ «ማይት»

አሜሪካ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ተቀጠርኩ። አንድ ቀን ጠዋት ፎጣ እያጣጠፍኩ አለቃዬ በበሩ ብቅ አለችና «ዩ ማይት ዎንት ቱ ቼክ ኦን ሩም ትዌልቭ» ብላኝ ሄደች። ፈገግ ብላ ነው የተናገረችው። እኔም ፈገግ አልኩና ማጣጠፌን ቀጠልኩ። «ማይት» ማለት «ምናልባት» ነው ተብዬ ነው የተማርኩት። ስለዚህ የሰማሁት «ምናልባት አሥራ ሁለት ቁጥርን ማየት ትፈልጊ ይሆናል» የሚል ነበር። አሰብኩበት፤ አልፈለግኩም። ገና ሃያ ፎጣ ይቀረኛል።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሳ መጣች። አሁን ፈገግታ የለም። የአሥራ ሁለት ቁጥሩ አዛውንት ብርድ ልብሳቸው መሬት ወድቆ፣ የሚያነሳላቸው አጥተው በርዷቸው ተቀምጠዋል። «ነግሬሽ ነበር እኮ!» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ነግራኛለች። እኔ ግን መታዘዜን አላወቅኩም።

እንደ «ማይት» ያሉት ቃላት ዘጠኝ ናቸው፦ ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ ሻል፣ ሹድ፣ ዊል፣ ውድ፣ መስት። የሰዋስው ሰዎች «ሞዳል ቨርብ» ይሏቸዋል። እኛ በሰንጠረዥ ነው የተማርናቸው፤ በግራ «መስት»፣ በቀኝ «አለበት»፤ በግራ «ሹድ»፣ በቀኝ «ይገባል»። መምህራችን አጥብቀው ያስጠነቀቁን «ሂ ካንስ» እንዳንል፣ ከኋላቸውም «ቱ» እንዳንጨምር ነበር። ፈተናውን ደፍኜ ነው ያለፍኩት። ማን ለማን ሲናገራቸው ምን እንደሚሆኑ ግን ሰንጠረዡ ላይ አልተጻፈም።

ከሳምንት በኋላ ደግሞ በሌላ በኩል ወደቅኩ። ዘጠና ዓመት የተጠጉ ሴት ቁርስ አልበላም ብለው ሳህኑን ገፋ አደረጉት። ሆዴ ውስጥ ያለው «ኧረ እማማ፣ ትንሽ መቅመስ አለብዎት» የሚል ነው፤ እናቴን እንደማባብል። ከአፌ የወጣው ግን «ዩ መስት ኢት» ሆነ። ሹካቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ፣ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «መስት አይ?» አሉኝ። «ግዴታ አለብኝ?» ማለታቸው ነው። እንደ ወታደር አዛዥ ተናግሬያቸው ኖሯል።

ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ ሳስበው ነው የገባኝ። «አለብዎት» ውስጥ «ዎት» አለች። አክብሮቴን ሁሉ የተሸከመችው እሷ ናት። እንግሊዝኛ ውስጥ ስገባ በሩ ላይ ጥያት ገባሁ፤ «ዩ» እንደሆነ ለሕፃኑም፣ ለዳኛውም፣ ለድመቷም አንድ ነው። እኛ አክብሮትን ሰውየው ላይ እናስቀምጣለን፦ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ። እነሱ እዚያ ቦታ ስለሌላቸው ትንሿ ረዳት ግስ ላይ ያስቀምጡታል። ስለዚህ አክብሮት ጠግበን ያደግን ሰዎች እዚህ ስንመጣ ባለጌ እንመስላለን። እነሱም ሲያዙን የለመኑን ይመስለናል።

እንዴት እንደሚያስቀምጡት ተመልከቱ። «ካን ዩ ኦፕን ዘ ዊንዶው?» ለጓደኛ ነው። «ኩድ ዩ» ትንሽ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። «ውድ ዩ ማይንድ» ደግሞ ይበልጥ ይርቃል። «ኩድ» የ«ካን»፣ «ውድ» የ«ዊል»፣ «ማይት» የ«ሜይ» ኃላፊ ጊዜ ነበሩ። መስኮቱ ግን የሚከፈተው አሁን ነው፤ ኃላፊ ጊዜ ምን አመጣው? ሰውን ላለመጫን በጊዜ መራቃቸው ነው። ይህ ለኛም እንግዳ አይደለም። ቢሮ ገብተን «አንድ ነገር ልጠይቅዎት ፈልጌ ነበር» እንላለን፤ ፍላጎቱ ግን አላለፈም፣ አሁንም እዚያው አቁሞናል።

ሥራቸውን ስቆፍር ሌላም ዘመድ አገኘሁ። «ሻል» በጥንቱ እንግሊዝኛ «ዕዳ አለብኝ» ማለት ነበር፤ «ሹድ» የእሱ ልጅ ነው። እኛስ? «መቶ ብር አለብኝ» እንላለን፣ «መሄድ አለብኝ» እንላለን፤ ቃሉ አንድ ነው። ግዴታ ለሁለታችንም ትከሻ ላይ ያረፈ ዕዳ ነው። «ካን» ደግሞ መነሻው «አውቃለሁ» ነው። እኛም ሰውን «ዋና ትችላለህ?» ብቻ ሳይሆን «ዋና ታውቃለህ?» ብለን እንጠይቃለን። ባዕድ ያልኩት ቋንቋ እንደ ቤቴ አስቦ ሳገኘው ትንሽ ቀለለኝ።

የማይገጥምበት ቦታ ግን እንቅልፍ ያሳጣል። አንድ ዓርብ ማታ አለቃዬ «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ከም ቱሞሮው» አለችኝ። በአማርኛ ሰማሁት፦ «ነገ መምጣት የለብሽም»። ተባረርኩ አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ የቤት ኪራይ ሳሰላ አደርኩ። ለካስ «ከፈለግሽ ዕረፊ፣ አትገደጂም» ማለቷ ነው። የኛ «የለብሽም» ሁለቱንም ይሸከማል፤ ክልከላውንም፣ ነፃ መልቀቁንም። የትኛው እንደሆነ የምናውቀው በድምፁና በፊቱ ነው። እነሱ ለያይተውታል፦ «ዶንት ሃቭ ቱ» ካሉ እንደ ፈቃድሽ ነው፣ «መስንት» ካሉ ክልክል ነው። «መስት» እና «ሃቭ ቱ» ለትእዛዝ ሲውሉ መንታ ይመስላሉ፤ አሉታ ሲገባ ግን አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ ይሄዳል።

አዲስ ለምትመጡ፣ በራሴ ላይ ተፈትኖ ያለፈውን ልንገራችሁ። አለቃ «ዩ ማይት ዎንት ቱ» ካለ ተነሱ፤ ትእዛዝ ነው። «ዩ መስት ቢ ታይርድ» ካሏችሁ ድካም አልታዘዘባችሁም፣ «ሳይደክምሽ አይቀርም» ማለታቸው ነው። መድኃኒት ላይ «ሜይ ኮዝ ድራውዚነስ» ተብሎ ቢጻፍ ማንም እንቅልፍን አልፈቀደም፤ «ሊያስተኛ ይችላል፣ መኪና ስትነዱ ተጠንቀቁ» ነው። ስጦታ ስትሰጡ «ዩ ሹድንት ሃቭ!» ካሉ ወቀሳ አይደለም፤ የኛው «ምነው፣ ምን አስቸገረሽ!» ነው። «ካን» እና «ካንት» በአሜሪካኖች አፍ ካምታቷችሁ ደግሞ መጨረሻዋን «ት» አትጠብቁ፣ ብዙ ጊዜ ትዋጣለች። የሚችል ሰው ቃሉን ውጦት «ክን» ብሎ ያልፋል፤ የማይችል ሰው ግን ረገጥ አድርጎ «ካንት» ይላል። እኔ ይህን እስካውቅ ድረስ ሁለት ጊዜ ያለ ተረኛ ፈረቃ ቆሜያለሁ፤ ባልደረባዬ «አልችልም» ያለችኝን «እችላለሁ» ብዬ ሰምቼ።

አሁን «ኩድ ዩ» ሳልል ከአፌ ቃል አይወጣም። ችግሩ ቤቴ ገብቷል። ባለፈው ክረምት እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሳሎን ተቀምጣ ቡና ትቆላለች። እዚሁ የተወለደው የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ አጠገቧ ሄደና፣ አቀርቅሮ፣ በሚያውቀው ትሕትና ሁሉ «እማማ፣ ውሃ ልትሰጪኝ ትችያለሽ?» አላት።

እናቴ መቁላቱን አቆመች። «ምነው ልጄ፣ እጄ ተሰብሯል እንዴ?»

ልጄ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ውስጥ ያየሁት የራሴን ፊት ነው፤ ያን ቀን ፎጣ ይዤ የቆምኩበትን። በጣም ጨዋ ሆኖ ሳለ ምን እንዳጠፋ አልገባውም። ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ «‹እስኪ ውሃ ስጪኝ፣ የኔ እናት› በላት» አልኩት።

ደነገጠ። «ግን እሱ እኮ ማዘዝ ነው!»

«በላት ግድ የለም።»

እየፈራ አላት። እናቴ የቡና መቁያውን አስቀምጣ፣ ጉልበቷን ይዛ ተነሳችና «እሰይ የኔ ጌታ!» እያለች ወደ ወጥ ቤት ገባች።