የወላይታ ቃልና የኮምፒዩተሬ ሰዓት

በኅዳር 2018 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ያለቀ ሥራ ስሠራ ዋልሁ። ይኸውም ስሕተቱን ጧት በሁለት ሰዓት አርሜ ሳበቃ፥ እስከ ዐሥር ሰዓት ድረስ ያንኑ የታረመ ስሕተት ስፈልግ ነበር ማለቴ ነው። ነገሩ የደረሰው ሶዶ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነውና ምስክር የለኝም፤ ዳሩ ግን እንደ እኔ ማታ ማታ ኮምፒዩተር ለሚነካካ ሰው ይጠቅም እንደ ሆነ ልተርከው።

የነገሩ መነሻ አንድ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ወዳጄ ነው። በወላይትኛ የተጻፉ የንባብ ጽሑፎች ሰብስቦ፥ በውስጣቸው ያለው እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ለማወቅ ፈለገ። ለልጅ አስቀድሞ የሚዘወተረውን ቃል ማስተማር ይሻላል ባይ ነው። እኔም በሲ ቋንቋ የተጻፈ ቃል ቈጣሪ ፕሮግራም ነበረኝና፥ «እሞክርልሃለሁ» አልሁት።

ፕሮግራሙ ሰው በሚያነበው ጽሑፍ ስለ ነበረ፥ ኮምፒዩተር ወደሚሠራበት ቋንቋ የሚመልሰው ተርጓሚ ያስፈልጋል፤ እርሱንም ኮምፓይለር ይሉታል። ዊንዶውስ ይህን ዕቃ ይዞ አይመጣም። ስለዚህ በስልኬ ኢንተርኔት ኤምሲስ 2 የተባለውን አወረድሁ። ሲከፈት ጥቍር መስኮት ነው፤ የሚጫን ሥዕል የለውም፤ ትእዛዙን በጽሑፍ ጽፎ ኤንተርን መምታት ብቻ ነው። በፓክማን ትእዛዝም ሁለት ነገር አስመጣሁ፤ አንዱ ሪቻርድ ስቶልማን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1987 በነጻ የለቀቀው ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር፥ ሁለተኛው ሜክ ነው። ታዲያ ኤምሲስ እንደ መንታ የሚመሳሰሉ ብዙ መስኮቶች አሉትና፥ ለአንደኛው የተከልሁትን ጂሲሲ በሌላው መስኮት ብጠራው «እንዲህ ያለ ትእዛዝ አላውቅም» አለኝ። ግማሽ ሰዓት ከለፋሁ በኋላ ነው በመስመሩ መጀመሪያ ላይ የመስኮቱ ስም ተጽፎ ያየሁት። ሞካሪ ቢኖር ከሁሉ በፊት እርሷን ያንብብ።

ሜክ እንደ ሥራ አሠሪ ነው። ራሱ አይተረጕምም፤ ነገር ግን ጽሑፉ መጨረሻ የተነካበትን ሰዓት ፕሮግራሙ ከተሠራበት ሰዓት ጋራ ያስተያያል። ጽሑፉ በኋላ የተነካ ከሆነ እንደ ገና ያስተረጕማል፤ ካልሆነ «የሚሠራ የለም» ብሎ እጁን ያጣጥፋል። ብዙ መቶ ፋይል ላለው ሰው ትልቅ የጊዜ ቍጠባ ነው። የእኔ ፋይል አንድ ብቻ ነበር፤ ቢሆንም ባለሙያ መምሰል ደስ ይላል።

ዓርብ ማታ ፕሮግራሙ ተሠርቶ ዝርዝሩን አወጣ። ወዳጄ አየና ፊቱ ጠቈረ። ወላይትኛ ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በላቲን ፊደል መጻፍ ሲጀምር፥ ጉሮሮ ላይ ተይዞ ለሚለቀቀው ድምፅ 7 ቍጥር እንደ ፊደል ሆኖ ገባ። «ሎኦ» ማለት መልካም ማለት ነው፤ ሲጻፍ በመካከሉ ሁለት 7 አለበት። እንግዳ ሰው ቢያየው የስልክ ቍጥር የተቀላቀለበት ይመስለዋል። ፕሮግራሙም እንደ እንግዳው ሰው 7ን ቍጥር ነው ብሎ ጣለና መልካሙን ቃል «ሎ» እና «ኦ» አድርጎ ለሁለት ሰበረው።

«ይህን ለማንም እንዳታሳይብኝ» አለኝ ወዳጄ። አልፈረድሁበትም። በእኛ ዘንድ የመማሪያ መጽሐፍ ቃል ቀላል ነገር አይደለም፤ በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፥ የጋሞን፥ የጎፋንና የዳውሮን ንግግር ቀላቅሎ ወጋጎዳ በተባለ ቋንቋ የተዘጋጀ መጽሐፍ በመጣ ጊዜ ሶዶ ተነሥታ የሰው ሕይወት ጠፍቶበታል። ወዳጄ ዝርዝሩን ሰኞ ለባልደረቦቹ ማሳየት ነበረበት።

ዓርብ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ቅዳሜ ጧት መጣ። ኮምፒዩተሩን ከፍቼ 7 ከፊደላት ጋራ እንዲቈጠር አንዲት መስመር ለወጥሁና ሜክን አዘዝሁ። «የሚሠራ የለም» አለ። ፕሮግራሙን ባስነሣውም «ሎ» እና «ኦ»። መስመሪቱን በሌላ መንገድ ጻፍኋት፤ ያው ነው። በሦስተኛ መንገድ ጻፍኋት። ሲ ቋንቋን ተጠራጠርሁ፤ ከዚያ የራሴን አእምሮ። አከራዬ እትዬ ቡና ጠርተውኝ ሲኒዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ፤ «ልጄ፥ የሞተ ሰው አለ እንዴ?» አሉኝ። ሜክ ባዘዝሁት ቍጥር ስለ ሰዓት መዛባት አንዲት የማስጠንቀቂያ መስመር ይጽፍልኝ ነበር፤ እኔ ግን አላነበብኋትም።

በዐሥር ሰዓት ተስፋ ቈርጬ የሚያውቁትን ልጠይቅ ብዬ ኢንተርኔት ብከፍት፥ አንድም ገጽ አልከፈትም አለ፤ ምክንያቱንም ሲገልጽ «ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል» ይላል። ወደ ታችኛው ማዕዘን ተመለከትሁ። ዓመቱ 2018 ነው። እኛስ ያለነው በ2018 አይደለምን? ዐይኔ ቀኑን ሙሉ እያየ ያለፈው ስለዚህ ነው። ሰዓቱም ቢሆን ከእኛ በስድስት ስለሚለይ እርሱን አይቶ ቀጠሮ የሚሄድ የለም። ኮምፒዩተሩ ግን የሚቈጥረው በፈረንጅ ነው፤ በፈረንጅ ደግሞ 2025 ነበር። በውስጡ ያለችው የሰዓቱ ባትሪ ሞታ፥ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ ወደ መነሻው ተመልሷል። እንግዲህ የዓርቡ ፕሮግራም 2025ን ይዟል፤ የቅዳሜው እርማቴ 2018ን። በሜክ ዐይን እርማቴ ከስሕተቱ በሰባት ዓመት የሚያረጅ ነበር።

የሚያስቀው ሜክ የተፈጠረው ለዚሁ በሽታ መድኃኒት እንዲሆን ነው። በፈረንጅ 1976 በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ባልደረባ የነበረው ስቲቭ ጆንሰን፥ አርሞ ሳያስተረጕም በቀረ ፕሮግራም ላይ ግማሽ ቀን ስሕተት ሲፈልግ ከረመና እየተራገመ ወደ ስቱዋርት ፌልድማን ቢሮ ገባ። ፌልድማንም ይህን ነገር ሰው በልቡ መያዝ የለበትም ብሎ ሜክን ሠራ። ጆንሰን ያጠፋው አንድ ጧት ነው፤ እኔ ከነመድኃኒቱ ሙሉ ቀን አጠፋሁ።

ሰዓቱን አስተካክዬ አዘዝሁት፤ አሁንም «የሚሠራ የለም»! ለካ ፋይሉ ላይ የታተመው የ2018 ቀን አልተነሣም። ጽሑፉን ከፍቼ፥ አንዲት ባዶ ቦታ ጨምሬ መልሼ ባስቀምጠው ተተረጐመ። «ሎኦ» ከሁለቱ 7 ጋራ ሳይሰበር ወጣ። ብቻዬን አጨበጨብሁ።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ከሰዓት አዳሽ ዘንድ ሲአር 2032 የምትባል ባትሪ ገዛሁ፤ ስፋቷ 20 ሚሊሜትር፥ ኀይሏ 3 ቮልት፥ መልኳ ሳንቲም የመሰለ ነው። ማታ ወዳጄ መጣና ዝርዝሩን ተቀምጦ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «ሎኦ»ን ሲያገኝ ፈገግ አለ። ጥቂት ወርዶም ቆመና፥ «ይህ ብቻውን የተቀመጠው 7 ምን የሚሉት ቃል ነው?» አለኝ። የገጽ ቍጥር ነበር። እርሱን ዛሬ ማታ እሠራዋለሁ፤ መብራት ካለ።